ሃምሳ ስምንት ሊትር

ጭሮ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተስፋዓለም፤

ከጁባ ሙቀት ጌታ በጥላው ይሰውርህ፤ የእጅህንም ሥራ ያቅናልህ። እኔ በምሕረቱ አለሁ። ዓለምሸት ካረፈች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ካንተ ጋር የተነጋገርነው ሁለቴ ነው፤ አንዱ ለልቅሶ፣ አንዱ ለፋሲካ። የባለቤቴን የአክስት ልጅ እንደ ባዳ ማድረጌ ቅር ይለኛል። አሁንም የፈለግሁህ ለጉዳዬ መሆኑን አልደብቅም። ሰማያዊዋ የጭነት መኪናዬ ታማለች።

በስልክ ያልነገርኩህ፣ መስመሩ ሲቆራረጥ ሐሳቤም አብሮ ስለሚቆራረጥ ነው። በወረቀት ስጽፍ ረጋ እላለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት የሰፈራችን ልጅ ኢስራ ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልኛለች፤ መልስህንም አትማ ትሰጠኛለች። «አባባ ጉርሜሳ፣ ጽሑፍዎን ያየ ሰው ሐኪም ነዎት ይላል» ብላኛለች። ማንበብ ካቃተህ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

መኪናዋን ታውቃታለህ፤ ከአገር ሳትወጣ፣ ቁልቁለት ላይ የከዳኝን ፍሬኗን የሠራህላት ናት። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሁለት ሕመም አለባት። አንደኛው፣ ከአርበረከቴ ወደ ሂርና ቁልቁል ስወርድ ሦስተኛ ማርሽ በራሱ ዘሎ ዜሮ ይገባል። ያኔ መኪናዋ በክብደቷ ብቻ ትንደረደራለች፤ እኔም ነፍሴ አፍንጫዬ ላይ ትደርሳለች። ድሮ እንዲህ አታደርግም ነበር። የጀመራት ዓለምሸት ከሞተች በኋላ ነው። እሷም ሐዘን ገብቷት ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። ሁለተኛው፣ ከመስከረም ወዲህ የናፍጣው ጠቋሚ እንደ ፈቃዱ ሆኗል። ሞልቼ ቀድቼ ባዶ ይለኛል፤ ሳልቀዳ ደግሞ ተነሥቶ ይቆማል።

ናፍጣን ካነሣሁ አይቀር ጌታ ያደረገልኝን ሳልነግርህ አላልፍም። በሐምሌ ጨው ይዤ መቻራ ሄድኩ፤ ለመልሱ ቡና ጭኜ እዚያው አደርኩ። ጠዋት ቁልፉን ስከፍት ጠቋሚው ባዶ ላይ ተጋድሟል። ናፍጣዬን በጎማ ቱቦ ስበው ወሰዱብኝ አልኩ። ከተማው ውስጥ ናፍጣ የለም፤ ቡናው የሰው ነው፤ ዝናቡም መጣሁ መጣሁ ይላል። ግንባሬን መሪው ላይ ደፍቼ ጸለይኩና አስነሣሁ። ገለምሶን አለፍኩ፣ በዴሳን አለፍኩ፣ ጠቋሚው እንደተኛ ነው። ጭሮ ገባሁ። እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ መሰከርኩ፤ ሰው አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ስሜን ትተው «ባለ ባዶው ሰልባቲዮ» ይሉኛል፤ የናፍጣውን ጋን ማለታቸው ነው።

ለጠቋሚው አዲስ ጌጅ በሰው ብትልክልኝ፣ ስለ ማርሹም ምክር ብትሰጠኝ ባለውለታዬ ነህ።

ጉርሜሳ


ጁባ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉርሜሳ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ሥራም አለ፤ እዚህ አገር የማይሰበር መኪና የለም። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ስለናፈቁኝ፣ ሁለቴ በእጅ ጽሑፍዎ ምክንያት። ኢስራን ልክ ነሽ ይበሉልኝ።

ጋሼ፣ ጌጅ አልልክም። ሳይመረምሩ ዕቃ መቀየር ራሱን ላመመው ሰው ባርኔጣ መግዛት ነው። መጀመሪያ ማርሹን እንጠይቀው። የሚዘለው ሦስተኛው ብቻ ነው ወይስ ሌሎቹም? እግርዎን ከነዳጅ ላይ ሲያነሡ ነው ወይስ ሲረግጡም? ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን ማለቴ ነው፣ የተቀመጠባቸው የጎማ መደገፊያዎች ተበልተው እንደሆነ ከሥር ገብቶ የሚያይ ሰው ይፈልጉ፤ ካምቢዮው ከተንቀጠቀጠ ማርሽ ይዘላል። ከዚያ ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ያንጠባጥቡት። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ብረት እየተበላ ነው። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ የላይኛውን ክዳን ያስከፍቱ። ማርሹን በቦታው የምትይዝ አንዲት ብይ አለች፤ ብይዋን የምትገፋ ጥምዝ ሽቦም አለች፣ እኛ ሞላ የምንላት። እሷን ይዩልኝ።

ይህ ዓይነቱ ነገር በአንድ ቀን አይመጣም። እትዬ ዓለምሸት ካረፈች በኋላ ጀመረ ያሉትን ደግመው ያስቡበት።

ስለ ጠቋሚው፤ እትዬ ናፍጣ የምትለካበት በቢላ የተቆራረጠ ዱላ ነበራት፤ ዛሬም አለ? ዱላ ሽቦ የለውም፣ አይበጠስም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ ከመቻራ የተመለሱ ዕለት ጭሮ ሲቀዱ፣ እስኪሞላ ስንት ሊትር ያዘ?

አክባሪዎ ተስፋዓለም


ጭሮ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተስፋዓለም፤

ስለ ልፋትህ ጌታ ብድርህን ይክፈልህ። ያዘዝከኝን በተራ አደረግሁ። የሚዘለው ሦስተኛው ብቻ ነው። እግሬን ሳነሣ፣ መኪናዋ በቁልቁለቱ ስትገፋ ነው፤ ዳገት ላይ ደኅና ናት። አብዱናስር የሚባል የዚህ መካኒክ ከሥር ገብቶ የካምቢዮውን ጎማዎች በብረት እየነቀነቀ አየ፤ ደኅና ናቸው አለ። ዘይቱን በዓለምሸት ነጭ ነጠላ ቁራጭ ላይ አንጠባጠብኩት። ጠቁሯል፤ በፀሐይ ሳየው ጥቂት ጥቂት ያበራል። ክዳኑን እንክፈተው ስለው አብዱናስር «ቡናው ይለፍና» አለኝ፤ አሁን ሥራ በዝቶበታል።

ዱላው ከወንበሩ ኋላ አለ። አልነካሁትም። ናፍጣ መለካት የእሷ ሥራ ነበር፤ እኔ ሞተር ስሰማ እሷ ወርዳ ትለካ ነበር። መቻራም ላይ ያን ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ ልይ ብዬ ነበር፤ ዱላዋን ሳልነካ ደግሞ ምን አያለሁ አልኩና ተውኩት።

ምስክርነቱ እዚህ ብዙ ፍሬ አፍርቷል። ሂርና ካለው ጉባኤ ጠርተውኝ ሄጄ ተናገርኩ። ከእኛ መካከል አሰጋሽ የምትባል በገበያ ሽንኩርትና ድንች የምትሸጥ እኅት አለች፤ እንደኔ ብቻዋን የቀረች ናት። ስኳር አለባት፤ በየቀኑ መርፌ ትወጋ ነበር። «ባዶውን ጋን ያስኬደ እኔንም ያስኬደኛል» ብላ መርፌውን ካቆመች ሁለት ወር ሆናት። ሰው ያደንቃታል። እኔ ሳያት ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኗን ማየት ከበደኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ስለ ሊትሩ የጠየቅኸኝ የቆየ ነገር ስለሆነ አላስታውስም።

ሰላምታዬ ይድረስህ።

ጉርሜሳ


ጁባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉርሜሳ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልሴ ዘገየ። ሥራ በዛ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እውነቱ ግን ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ስለ ጠቋሚው እንደ መካኒክ ልንገርዎ። ጋኑ ውስጥ ናፍጣው ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለ፤ ከእሱ ወደ ፊትዎ ወዳለው ጠቋሚ አንድ ሽቦ ይመጣል። ሽቦው በዝገት ወይም በመንቀጥቀጥ ከላላ ጠቋሚው ወድቆ ባዶ ይላል። ሲገጥምለት ይነሣል። ናፍጣው ግን ያው ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ጋኑ ላይ ያለውን ሽቦ ነቅለው ሻንሲው ላይ፣ የመኪናዋ ዋና ብረት ላይ፣ ያስነኩት። ጠቋሚው ብድግ ካለ ጌጁ ደኅና ነው፤ ሕመሙ ሽቦው ጋ ነው። በመቻራ መንገድ የሚላላ ሽቦ ደግሞ በመስከረም አይጀምርም፤ በሐምሌም ላልቶ ይሆናል።

የእናቴ ወንድም የሞተው በስኳር ነው። መጀመሪያ ውኃ ይጠማዋል፤ ከዚያ እንቅልፍ ያበዛል። ይህን የምነግርዎ እንዲሁ ነው።

ጋሼ፣ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው የቀዳውን ሊትር አይረሳም። ስንት ያዘ?

ተስፋዓለም


ጭሮ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃምሳ ስምንት።

ቁጥሩን ላስቀድም፤ ሰላምታው ይቆየን።

ጋኑ መቶ ሊትር ይይዛል። ወደ መቻራ የሄድኩት እዚሁ ወረፋ ቆሜ አፉ ድረስ ሞልቼ ነው። ደርሶ መልስ ሰማያዊዋ ከሃምሳ አምስት እስከ ስድሳ ትጠጣለች። ስለዚህ ማንም አልሰረቀኝም። አርባ ሁለት ሊትር ከኋላዬ ይዤ ነው ባዶ ነኝ ብዬ ጭሮ የገባሁት።

የሚያሳፍረኝ ግን ይህ አይደለም፤ መሳሳት የሰው ነው። የተመለስኩት ዓርብ ነበር። የማደያው ማሽን ላይ ቁጥሩን በዓይኔ አየሁ። ቀጂውም «እንደ ሁልጊዜዋ ናት፣ አባባ» አለኝ። ሰማሁት። ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ዝም አሰኘሁት። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ለማሰብ ነበረኝ። እሑድ ተነሥቼ ቆምኩ።

ለምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። ዓለምሸት በታመመች ጊዜ የጸለይኩት ሁሉ ሳይሰማ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አፌ ይጸልያል እንጂ ማንም የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር። ያን ቀን መቻራ መንገድ ላይ ግን ሰማኝ ብዬ አለቀስኩ። ሃምሳ ስምንትን ካመንኩ እንደገና የማይሰማኝ ሰው ልሆን ነው። እንደዚያ መሆን ፈራሁ።

አሰጋሽ በገና ዋዜማ ገበያ ላይ ከድንቿ አጠገብ ወደቀች። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት። ኮሪደር ላይ ሳድር ያልገባሁት ስለት የለም። ጌታ ይመስገን፣ ተረፈች። ቤቷ ስትመለስ ግን «ይህ ፈተና ነው፣ አልፌዋለሁ» ብላ መርፌውን እንደገና ትታለች። ለጉባኤያችን ሽማግሌ ለኤልያቄም ሊትሩን ነገርኩት። ደግ ሰው ነው። «የስንቱ እምነት ባንተ ምስክርነት ላይ እንደቆመ ታውቃለህ፤ ከራስህ ጋር ብቻ ጨርሰው» አለኝ። እኔ ከራሴ ጋር ጨርሼው ነበር እኮ፤ ይኸው እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው።

ሌላም አለ። ትናንት አብዱናስር ክዳኑን ከፈተ። ሞላዋ ከሁለት ተሰብራለች። ስብራቷን በጣቱ ዳሰሰና አሳየኝ፤ ጫፉ ተፍቆ እንደ ጠጠር ለስልሷል። «ይሄ ከተሰበረ ስድስት ሰባት ዓመት ሆኖታል፣ ወላሂ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀኝ፤ «እስከ ዛሬ ማን ይዞት ነበር?»

 ቤት ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ። ዓለምሸት ቁልቁለት ስንወርድ እጇን ማርሹ ላይ ታሳርፍ ነበር። የምትጸልይ ይመስለኝ ነበር። «እጅሽን አንሺ፣ ይህ የእጅ መደገፊያ አይደለም» ስላት «አንተ መንገዱን እይ» ትለኝ ነበር። ተስፋዓለም፣ አንተ በመጀመሪያው ደብዳቤህ ደግመህ አስብ ያልከኝ ምን አውቀህ ነው?

ጉርሜሳ


ጁባ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉርሜሳ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎት። አሁን ተራው የእኔ ነው።

በ2010 ዓ.ም. እትዬ ዓለምሸት ደወለችልኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው፤ እርስዎ ግቢ ውስጥ ጎማ እየቀየሩ ነበር መሰለኝ። «ቁልቁለት ላይ እጄን ማርሹ ላይ ጣል ባደርግ ይገፋኛል፣ ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። አሠሩት፣ እስከዚያ በእጅ ይያዝ አልኩ። ለእርስዎ እንድትነግርዎ ስለምናት ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «ፍሬን ከከዳው ወዲህ ቁልቁለት ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። ይህን ከነገርኩት መንገዱን ትቶ ማርሹን ሲያይ ገደል እንገባለን። እኔ እይዘዋለሁ። አንተም እንዳትነግረው።»

ቃል ገባሁላት። አንድ ሰሞን በምክንያት ታስከፍተዋለች ብዬ ነበር። እሷ መያዙን ለመደችው መሰለኝ። ስታርፍ ለልቅሶ ስደውልልዎ ማርሹ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ በልቅሶ ላይ የመኪና ወሬ ነውር ነው ብዬ ዋጥኩት። ከዚያም ሁለት ዓመት ዋጥኩት። እርስዎ በዚያ መንገድ ብቻዎን ሲወርዱ ማለት ነው። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ያወቅሁትን ደብቄ ስለ ዘይት ጠየቅሁዎ። እርስዎን በአንድ ቁጥር እንዲያ ሳፋጥጥ እኔ በጉያዬ ሌላ ይዤ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ሞላዋን ከነብይዋ በአዲስ አበባ በኩል በሚመጣ ሹፌር ልኬያለሁ። ስለ ጉባኤው ምክር የለኝም፤ የምውለው ጋራዥ ነው፣ የጸሎት ቤት ካየሁ ቆይቻለሁ። የተሰበረ ነገር ክዳኑ ሳይከፈት ሲጠገን ግን አይቼ አላውቅም።

ተስፋዓለም


ጭሮ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተስፋዓለም፤

የይቅርታ ባለቤት ለሁለታችንም ይቅር ይበለን። እኔ አንተን ይቅር ብያለሁ፤ ይህን ደግሞ ከሰላምታ ሁሉ በፊት ማወቅ አለብህ።

ያን የሊትሩን ደብዳቤ ለኢስራ ስሰጣት ፎቶ ልታነሣ አጎንብሳ ቆየች። «አባባ፣ ይህን ልላከው?» አለችኝ። ላኪው አልኳት። ገንዘብ አልተቀበለችኝም። ያንተን መልስ ስትሰጠኝም አጣጥፋ ነው የሰጠችኝ። ስለ ዓለምሸት ያልከውን መንገድ ላይ፣ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ እግሬ ወዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፣ ራሴን መኪናዋ ውስጥ በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ አገኘሁት።

እውነቱን ለጉባኤው ከመናገሬ በፊት አሰጋሽ ቤት ሄድኩ። ሽንኩርት እየለየች ነበር። ከመቻራ ጀምሬ እስከ ማደያው ማሽን ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ከሽንኩርቱ ሳታነሣ ሰማችኝና «ጋሼ፣ ራስዎን ብዙ አይካቡ። እኔ ያመንኩት ጌታን እንጂ የእርስዎን ሰልባቲዮ አይደለም» አለችኝ። ትክክል ነሽ አልኳት። «ታዲያ መርፌሽን የእኔን ምስክርነት ከሰማሽ ወዲህ ለምን አቆምሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።  ልወጣ ስል የተበላሸውን ሽንኩርት ወደ በሩ ወረወረችው፤ ለእኔ ይሁን ለዶሮዎቹ አልገባኝም።

እሑድ ተነሥቼ ቆምኩ።  ሃምሳ ስምንት ሊትር አልኩ፤ ዓርብ አየሁ፣ እሑድ ደበቅሁ አልኩ። እግዚአብሔር አልሠራም አላልኩም፤ ናፍጣውን የሰጠኝ እሱ ነው፣ ወረፋ አቁሞ በማደያ አስቀድቶ ሰጠኝ፣ ባዶ ነው ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። የተሰጣችሁን ሳታዩ ባዶ ነን እንዳትሉ አልኩና ተቀመጥኩ። አሜን ያለ ሰው አልነበረም። ኤልያቄም ማይኩን ተቀብሎ መዝሙር እናውጣ አለ። መዝሙሩ ሳይጀመር አሰጋሽ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ሰላም ሳይሉኝ የሄዱ ብዙ ናቸው። ሂርናም እንግዲህ አይጠሩኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ጭነት ፍለጋ ስወጣ አሰጋሽ መንገድ ዳር ቆማ እጇን አነሣች። አቆምኩ። ፊቷን ኮስተር አድርጋ በመስኮቱ «ወደ ጤና ጣቢያ ነኝ። ናፍጣ አለዎት?» አለችኝ።

ሽቦው ከተሠራ ሰንብቷል፤ ጠቋሚው ከግማሽ በላይ ይላል። ግን ወረድኩ። ከወንበሩ ኋላ የዓለምሸትን ዱላ አወጣሁ፤ ከሞተች ወዲህ መንካቴ ነው። ነከርኩና አውጥቼ ለአሰጋሽ አሳየኋት፤ ሦስተኛው ቁርጥ ድረስ ረጥቧል። ዱላውን አየች፣ እኔን አየች። «አለ» አለችና ገባች። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትወርድ ጠብቄሽ ልመልስሽ ብላት «ወረፋው ረጅም ነው፣ ሥራዎን ይሥሩ» አለችኝ። ጠበቅኋት። ስትወጣ መርፌውን ከነመድኃኒቱ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ እስከ ቤቷ ጭኗ ላይ አድርጋው ሄደች።

ሞላዋ ደርሳኛለች። አብዱናስር ሐሙስ ገጠማት። ቅዳሜ ጥራጥሬ ጭኜ ወደ ሂርና ሄድኩ። አርበረከቴ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሦስተኛ አስገባሁና እግሬን አነሣሁ። ላቡ መጣ። ማርሹ አልዘለለም። ማንም አልያዘውም፣ እሱ ግን በቦታው ነው። ልማድ ሆኖብኝ እጄ ከመሪው ተነሥቶ ሊይዘው ሄደ፤ ዓይኔም ከእጄ ጋር ሄደ። ያኔ የዓለምሸት ቃል ትዝ አለኝ። እጄን ወደ መሪው መለስኩት። ሂርና እስክገባ መንገዱን አየሁ።

ወንድምህ ጉርሜሳ